የላላው የጫማ ክር

ወጣቱ የተጋደመው ሞት በድንገት እንደጣለው ሰው አልነበረም። መርማሪዋን ከበሩ ላይ ያቆማት ይኸው ነው። ወድቆ የሞተ ሰው ክንዱ ከሥሩ ይቀራል፣ ጉንጩ ወለሉ ላይ ይለጠፋል፣ አንድ እግሩ ይጣመማል። ይህኛው ግን እናቱ ያስተኛችው ይመስል በጀርባው ተዘርግቷል፤ እጆቹም ከጎንና ጎኑ ተሰብስበዋል።

ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ነፍስ ይማር» አለችና ገባች።

ክፍሉ የአትሌቲክስ ክለቡ ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ሳያስበው አንገቱን ይሰብራል። አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም ፍርግርግ ብረት ተበጅቶላታል፤ ከውጭው መሬት ጋር እኩል በመሆኗ የምታሳየው ዝናቡ የሚፈነጥቀውን ጭቃ ብቻ ነው። ሦስት የመሮጫ ማሽኖች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። ሟቹ ከመካከለኛው ማሽን ኋላ ነበር። ጓደኞቹ ንፋስ ይሉት የነበረ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ የክለቡ ተስፋ።

«ማን አገኘው?»

«እኔ» አለ አሰልጣኙ። ፊሽካው አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ዝናቡ ሲብስ የውጭውን ልምምድ ሰረዝኩ። ሁሉንም ለስብሰባ ጠራሁ፤ እሱ ቀረ። እሱ ዕረፍት የሚባል ነገር ጠላቱ ነው፤ እዚህ ተደብቆ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ ወርጄ በሩን ብገፋው ተቆልፏል።»

«ከውስጥ?»

«ከውስጥ አይቆለፍም። ቁልፉ የሚውለው እዚያ ኮሪደሩ ላይ ካለው ሚስማር ነው። አልነበረም። ቢሮዬ ያለውን ትርፍ ቁልፍ አምጥቼ ከፈትኩት።»

መርማሪዋ አንገቷን ወደ ኮሪደሩ አሰገገች። ቢጫ ክር የታሰረበት ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይኸው አለ እኮ።»

አሰልጣኙ እባብ እንዳየ ሰው ደነገጠ። «ያኔ አልነበረም። ሲስተር ትመስክር።»

ሲስተር የሚሏት የክለቡ ነርስ ከሚስማሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ከራሷ በላይ መስታወት ያለው ሣጥን ተሰቅሏል፤ ውስጡ የቆመ ልብ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ ማሽን አለ። «አልነበረም» አለች። «በዓይኔ ፈልጌዋለሁ። ይኼን ማሽን አውርጄ ይዤ በሩ እስኪከፈት ቆሜ ነበር። ስንገባ ሰውነቱ ቀዝቅዟል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከበሩ እስከዚህ ሣጥን ክንድ አይሞላም፣ ኢንስፔክተር። ክንድ አይሞላም» አለች።

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ተመለሰች። ጉልበቷ የታመመ ስለሆነ የማሽኑን እጀታ ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ሁለቱም የጫማ ክሮቹ እስከ ጣቱ ድረስ ላልተዋል። ከላዩ ወልቆ በደንብ የተጠቀለለው ማልያው ከተረከዞቹ ሥር ገብቶ እግሮቹን ከፍ አድርጓቸዋል። ክርኑንና ጉልበቱን አየች፤ ቆዳው አልተፋቀም።

«ይኼ ቀይ ገመድ ምንድን ነው?» አለች ማሽኑ ላይ በሥርዓት ወደተሰቀለው ገመድ እያመለከተች።

«ጫፉን ልብስህ ላይ ትቆነጥጠዋለህ» አለ አሰልጣኙ፣ የቆየ ትምህርቱን እንደሚደግም። «ከወደቅህ ገመዱ ከማሽኑ ተነቅሎ ቀበቶውን ያቆመዋል።»

«እንግዲያው ገመዱን አድርጎ ወድቆ ቢሆን ገመዱ አሁንም ከማልያው ጋር ይገኝ ነበር። ሳያደርግ ወድቆ ቢሆን ማሽኑ እስካሁን ይሽከረከር ነበር፤ ቆዳውንም ይገሸልጠው ነበር።»

አሰልጣኙ ገመዱን አየ፣ ሟቹን አየ፣ መልሶ ገመዱን አየ። «ሰው ነበረ» አለ።

«ነበረ እንጂ። ማሽኑን አቁሞ፣ ገመዱን ሰቅሎ፣ ልጁን አስተካክሎ አስተኝቶ፣ ቆልፎበት ወጣ።»

ዝናቡ መስኮቷን ደበደበ። ከደረጃው ራስ ላይ፣ በጨለማው ውስጥ፣ አንዲት ቱታ የለበሰች ልጅ ቁጢጥ ብላ ወደ ታች ታይ ነበር። መርማሪዋ ቀና ስትል ልጅቷ ተነሥታ ሄደች።

«እህቱ ናት» አለች ሲስተር። «ሚጡ እንላታለን። ከነገ ወዲያ የምርጫ ውድድር አለባት። አባትየው ካልሮጠች ብሏል።»

*

በማግስቱ ጧት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ነበር ያነጋገራት።

«መርዝ የለም፤ የታነቀበት ምልክት የለም፤ መርፌ የለም። የሞተው በልቡ ነው።» ጡጫውን ጨበጠና አሳያት። «የልብ ጡንቻ ይህን ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። የእሱ ግን ወፍሮ ወፍሮ ደም የሚወጣበትን መንገድ ሊዘጋ ደርሷል። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ የልቡ ምት ይዘባረቅበትና ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ራሱ ይነሳል። ሰውም ‹ውሃ ጠምቶት ነው፣ ሳይበላ ሮጦ ነው› ይላል። አንድ ቀን ግን ሳይነሳ ይቀራል።»

«ሳይነሳ በቀረበት ቀን ሰው ቢደርስለትስ?»

«ወዲያው ደረቱን ቢጫኑት፣ ያ ማሽን አጠገቡ ቢኖር፣ የሚተርፉ አሉ።» ፎጣውን አነሣ። «አጠገቡ ነበር እንዴ?»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ገለጠች። «ሲስተሯ ክለቡ ያስደረገው የልብ ምርመራ ምንም አላሳየም ብላኛለች።»

«የማን ምርመራ? አንዳንዱ ልብ ከማሽኑ ይሸሸጋል፣ እሱስ እውነት ነው። እንዲህ የወፈረው ግን ይጮኻል እንጂ ዝም አይልም።»

«የምርመራው ባለሙያ ምናልባት ጸጉሩ አስቸግሮት…» አለች፣ የሟቹን ደረት አስታውሳ።

«አዎ፣ ደረቱ ጫካ ነው። ምላጭ ደርሶበት አያውቅም።» ከዚያ እንደ ዘበት «በሽታው በደም የሚወረስ ነው። ከአባት ወይም ከእናት ይመጣል። አንዱ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድም ወይም እህት አለው?» ሲል ጠየቃት።

መርማሪዋ ቦርሳዋን ዘጋች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምታስበው ስለ አንድ የሞተ ልጅ ነበር። አሁን ግን ነገ በመነሻው መሥመር ላይ የምትቆም አንዲት ልጅ ጭንቅላቷ ውስጥ ገባች፤ አልወጣ አለቻት። «እህት አለችው» አለች።

የልብ ምርመራውን ያካሄደው ባለሙያ ከክለቡ ትይዩ ካለች ጠባብ ክሊኒክ ተገኘ። ሰውየው ጨዋታ ወዳድ ነበር።

«ፊቱን ታስታውሰዋለህ?»

«እኔ ፊት አላይም፣ የማየው ደረት ነው። ደረቱን ካመጡልኝ አውቀዋለሁ» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ የመጣችበትን ጉዳይ አስታውሶ አፈረ። «ይቅርታ። ያን ቀን ወንዶቹን ሁሉ ሳይ ነው የዋልኩት። ሲስተር ደጅ ሆና ስም ትጠራለች፤ እኔ መጋረጃው ውስጥ እቀበላለሁ። ንፋስ የተባለውንማ በስሙ አስታውሰዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ነው የገባው።»

«ጸጉር ያለበትን ደረት ትላጫለህ አይደል?»

«የማሽኑ ሽቦዎች የሚያያዙባቸው ክቦች የሚለጠፉበትን ብቻ። አለበለዚያ ይለቃሉ። እሱን ግን አልላጨሁትም፤ ተላጭቶ ነው የመጣው። ‹ማን አስተማረህ?› ብለው ‹ጓደኞቼ› አለኝ።»

«ደረቱን በሙሉ ተላጭቶ?»

«ኧረ አይደለም፤ ክቦቹ በሚያርፉበት፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ…» በገዛ ደረቱ ላይ ጣቱን ሲያስኬድ መካከል ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ። «እኔ እንደማደርገው ነበር» አለ። «ልክ እኔ እንደማደርገው።»

*

መርማሪዋ ሰውን ስትጠይቅ አትቸኩልም። ጠይቃ ዝም ትላለች፤ ዝምታው ሲከብደው ሰውየው ራሱ ይሞላዋል። በዚያ ቀን ለሁሉም ያቀረበችው አንድ ጥያቄ ነበር።

«ሰው ፊትህ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ምን ታደርጋለህ?» አለችው አሰልጣኙን።

ቢሮው ዋንጫ የሞላበት ነው፤ ወንበሩ ግን ሽቦው ወጥቶ ይወጋል። «ስኳር ውሃ አጠጣዋለሁ» አለ። «ልጆቹ ክብደት እንቀንስ ብለው ምግብ ይዘላሉ፤ ምን ያልታየ አለ!»

«ንፋስ ወድቆ ያውቃል?»

«በፍጹም። እሱ ብረት ነው።» ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው። «ነበር።»

«እህቱስ?»

«ሚጡ? አይ። አንድ ቀን ብቻ ቁልቁለት ስንሠራ ጠፍታብኝ ነበር። ሄጄ ባይ ከመጋዘኑ ጀርባ ሣሩ ላይ ተጋድማለች፤ ወንድሟ ማልያውን አውልቆ ጠቅልሎ እግሯን ጭኖበታል፣ ጫማዋን አላልቶላታል። ‹ባቷን ሸምቅቋት ነው፣ ኮች› አለኝ። ያየሁት ቢኖር እሱን ብቻ ነው። እንዴት ያሉ የሚዋደዱ ልጆች ነበሩ መሰለሽ!»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ትናንት ከስብሰባው በፊት የት አገኘሃት?»

«ደረጃው ላይ። እኔ ስወርድ እሷ ስትወጣ። ‹ንፋስን አየሽው?› ብላት ‹መታጠቢያ ቤት ነው› አለችኝ። ክንዷን ይዤ ስለ ውድድሩ እያወራን ስብሰባ አስገባኋት። ከፊት አስቀመጥኳት፤ ቡድኑን የምትመራው እሷ ናት። ምስኪን፣ ስብሰባው ሁሉ ወንበሩ እሾህ ሆኖባት ነበር፤ ሁለቴ ልትነሣ ስትል ‹ቁጭ በይ› አልኳት። ነገሩ ገና ሳይሰማ ነፍሷ አውቆት ነበር ማለት ነው።»

ሁለተኛው ጥላ ነበር። ንፋስን በልምምድም በውድድርም ከጎኑ የሚያሯሩጠው እሱ ስለሆነ ነው ጥላ የተባለው። አልጋዎቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ ትይዩ ናቸው። አንዱ አልጋ አሁን ተነጥፎ ቀርቷል።

«ሰው ቢወድቅ? ውሃ ነዋ፣ እትዬ» አለ። «ፊቱ ላይ ደፍቼ ጉንጩን ጠፍ ጠፍ አደርገዋለሁ። ንፋስን ሁለቴ…» ምላሱን ነከሰ።

«ሁለቴ አድርገህለታል። ግድ የለም። ትናንት ፊቱ ደረቅ ነበር፤ ወለሉም ደረቅ ነበር።» እሱ በማልያው ላይ ደረቱን ያክካል፣ ይተዋል፣ መልሶ ያክካል። «ምነው፣ ቁንጫ ነው?»

ሳይወድ ፈገግ አለ። «ጸጉሩ እያደገ ነው። ያ የምርመራ ሰውዬ እንደ በግ ሸለተኝ እኮ።»

«ስንት ጊዜ ላጨህ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ስንት ጊዜስ ተኛህለት?»

የጥላ እጅ ደረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ እሷም አልተጫነችውም። ወለሉ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፣ ሌላ ተከተለው። መርማሪዋ ተነሥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችለት።

ላይኛው ፎቅ ላይ ሚጡ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ነበር። የውድድር ቁጥሯ ማልያው ላይ ተሰክቶ ተዘርግቷል። መስኮቱ የሚከፈተው መዳፍ ሙሉ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ተበይዷል። አባቷ ወንበሩን ስቦ ከበሩ ፊት ተቀምጧል። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ለልጅቷ የሚመልሰው እሱ ነበር።

«ነገ ትሮጣለች። ለወንድሟ ትሮጣለች።»

«በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ?»

«የለም» አለ፤ ጥያቄው ሳያልቅ። «እኛ ቤት አይወደቅም። ጋደም እንላለን፤ እንነሳለን።»

«የልብ ምርመራውን አድርጋለች?»

«የሴቶቹ ቀን ትኩሳት ይዟት ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሚጡዬ፣ ሰው ፊትሽ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጅቷ አባቷን አየች። «ራሱን የሳተ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እትዬ» አለች።

ያን ቀን ሁሉ ከተጠየቁት መካከል ላልተጠየቀው የመለሰችው እሷ ብቻ ናት።

*

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው፤ ለዚያውም እዚያው ምድር ቤት፣ ገና ብርሃን ሳለ። ወንበር አስመጣችላቸው። ሚጡ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጥላ ከግድግዳው ተጣበቀ፤ ሲስተር በሩ ላይ ቆመች፤ አሰልጣኙ ማሽኑን ተደገፈ፤ ከዚያ ማሽኑ የቱ መሆኑን አስታውሶ ራቅ አለ። ዝናቡ አላቋረጠም። ማንም ወደ ወለሉ መካከል አልተመለከተም።

«ስመጣ ገዳይ ፍለጋ ነበር» አለች መርማሪዋ። «የተቆለፈ በር፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ኋላ ተመልሶ የተሰቀለ ቁልፍ። ያገኘሁት ግን ደባቂ ነው። ገዳይ የሚገድለውን ሰው የጫማ ክር አያላላም። ከእግሩ ሥር ማልያ ጠቅልሎ አያስገባም። ይህን ያደረገው ልጁ ይነሳል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ታዲያ ለምን ቆለፈ? ሰው ወድቆ እንዳያየው ነው። ወድቆ ከታየ ይመረመራል፤ ከተመረመረ መሮጥ ይቀራል።»

«ተመርምሯል እኮ!» አለ አሰልጣኙ። «ምንም የለውም ተብሏል።»

«የተመረመረው ሌላ ደረት ነው። የንፋስ ደረት ምላጭ ነክቶት አያውቅም፤ ባለሙያው ግን በስሙ የገባው ልጅ ተላጭቶ መጣ ይላል፤ ያውም ልክ እሱ በሚላጭባቸው ቦታዎች። ባለሙያው የገዛ እጁን ሥራ እንዴት ሳያውቀው ቀረ? ፊት ስለማያይ ነው። ያ ልጅ ጧት በራሱ ስም ገብቶ፣ ተላጭቶ፣ ወጥቶ፣ መጨረሻ ላይ በጓደኛው ስም ተመልሶ የተኛ ነው።»

«እኔ ነኝ» አለ ጥላ። ሁሉም ዞሩ። «ለመነኝ። ‹ደረትህን ለማሽን እንዳትሰጥ ተብያለሁ፣ አንድ ቀን ብቻ ልቤ ሁንልኝ› አለኝ። ሳቅን። ሲስተር ስሙን ጠርታ ዝርዝሯ ላይ ስታጎነብስ እኔ ገባሁ። ሩጫ ላይ ሁልጊዜ ከጎኑ ነኝ፤ ይኼም ያው መሰለኝ።»

«አንተ አልቆለፍክበትም» አለችው። «አንተ ብትሆን ውሃ ትደፋ ነበር። ኮች ስኳር ይፈልግ ነበር። ሲስተር ማሽኑን ታወርድ ነበር። ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገው ከቤቱ የለመደውን ነው። ማልያ ጠቅልሎ እግር ማንሣት፣ ክር ማላላት፣ ዝም ብሎ መጠበቅ፤ ኮች፣ አንተ ይህን አንድ ጊዜ አይተኸዋል።»

አሰልጣኙ አፉን ከፈተ። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን ሣር አስታወሰ። ቀስ ብሎ ወደ ሚጡ ዞረ፤ ቀጥሎም ደረጃው ላይ ክንዷን ይዞ ሲያወጣት በዓይነ ሕሊናው ታየው። «ወይኔ» አለ፤ «ቁጭ በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ለራሷ እንደምታወራ ጀመረች።

«ሰዓት ያዢልኝ አለኝ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ዞሮ አየኝና ተዝለፈለፈ። ያዝኩት፤ ማሽኑን አጠፋሁት። እንደ ሁልጊዜው አደረግኩለት። እያንኮራፋ ነበር። ተኛ አልኩ። የኮችን ኮቴ ሰማሁ። ካየው ሁሉ ነገር ያልቃል፤ ስለዚህ ቆለፍኩ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ቁልፉ ስብሰባው ሁሉ እጄ ውስጥ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ሁሉም ወደ ውስጥ ሲሮጡ ነው መልሼ የሰቀልኩት።» መዳፏን ዘረጋች፤ የቁልፉ ጥርስ የነከሰው ቦታ ገና አልጠፋም። «እያንኮራፋ ነበር እኮ።»

ሲስተር እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያ ማንኮራፋት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ልቡ የቆመ ሰው የመጨረሻ ትንፋሽ እንጂ እንቅልፍ አልነበረም። ልትናገር ስትል መርማሪዋ በዓይኗ ያዘቻት። እውነት መነገር አለበት፤ ሁሉም እውነት ግን በአንድ ቀን አይጫንም።

«እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው» አለች መርማሪዋ። «በር የቆለፈ ስለ በሩ ይጠየቃል፣ በሌላ ስም የተኛም ስለዚያ ይጠየቃል። ዕድሜያቸውና ሐሳባቸውም አብሮ ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ ፈራጅ አለ። ነገር ግን እዚህ የጠራኋችሁ ለእሱ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ሣሩ ላይ ወድቃ እግሯ ማልያ ላይ የነበረው ሚጡ ናት። በሽታው የሚወረስ ነው። ነገ ጧት ደግሞ ውድድር አለ።»

«ለወንድሟ ትሮጣለች» አለ አባትየው። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልጸናም።

«አባባ፣ ስለ አጎቴ ንገራቸው» አለች ሚጡ።

«ዝም በይ።»

«ኳስ ግንባሩን መቶት ሞተ ያልከንን። እማዬ ከመሞቷ በፊት እውነቱን ነግራናለች።»

ሰውየው የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ነካካ፤ እንደ ጠበቀበት ሁሉ። መርማሪዋ ጠበቀችው።

«ወንድሜ ታላቄ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሜዳ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ‹ከእንግዲህ አትሩጥ፣ አትዝለል፣ አትናደድ› አለው። ወንበር ላይ አስቀመጥነው። የእኛ መስኮት በሜዳው አንጻር ነው፤ ልጆቹ ሲጫወቱ ያያል። ዓመት ሙሉ ያያል። ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ሐኪም ካሰረውም በኋላ ሞተ! ልጆቼ መውደቅ ሲጀምሩ እኔም ‹አላስርም› አልኩ። ሞት ላይቀር ታስረው አይሞቱ አልኩ።» ቀና አለ። «ልፍታቸው ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ወደ እሱ ቀረብ አለች።

«የፈታሃቸው መስሎህ ቆልፈህባቸዋል» አለች መርማሪዋ፤ በቁጣ ሳይሆን ለገዛ ወንድሟ እንደምታወራ። «መናገር የማይችሉበት ቤት ውስጥ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በወንድምህ ጊዜ መድኃኒቱም አልነበረም። ዛሬ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። የሚወሰድ ክኒን አለ። ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ልቡ ሲስት ከውስጥ ሆኖ የሚቀሰቅስ ትንሽ ማሽን አለ። ምናልባት ሚጡ ምንም አይኖርባት ይሆናል። ምናልባት ይኖርባትና መሮጥ ታቆማለች፤ ትኖራለች ግን። ይህን የሚያውቅ ደረቷን የሚያይ ብቻ ነው። እኔ ላስራት አልችልም፤ ፈርመህ የምታስሮጣት አንተ ነህ።»

አባትየው ልጁን አያት። ለውድድር የሚሆነውን ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው፤ ክሩን እግሯ እስኪነጭ አጥብቃዋለች። ሰውየው ከወንበሩ ወረደ። ወንድ ልጁ በተገኘበት ወለል ላይ ተንበረከከና የልጅቷን የጫማ ክር መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው እንቢ አለው። ጎንበስ ብላ አብራው ፈታችው።

«አንተም ትመረመራለህ፣ አባባ» አለችው።

«እኔም?»

«ከአንዳችሁ ነው የመጣው። እማዬ የለችም።»

«እሺ» አለ። «እኔ እቀድማለሁ። አይተሽ ትከተይኛለሽ።»

ሲስተር ሐኪም ቤት ልትደውል ሮጠች። አሰልጣኙ ሁሉም ከወጡ በኋላ በልማዱ በሩን ስቦ እጁን ወደ ሚስማሩ ሰደደ። መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች፤ እሱም ቁልፉን ትቶ በሩን መልሶ ወለል አድርጎ ከፈተው።

አባትና ልጅ ደረጃውን ወጡ፤ እሷ በካልሲ፣ እሱ ጫማዋን ብብቱ ሥር ይዞ። መካከል ላይ ሚጡ ቆመች። ግድግዳውን ያዘች። ወደ ላይ አየች፤ ወደ አባቷ አየች።

«ደከመኝ፣ አባባ» አለች።

ያ ቃል በእነሱ ቤት ጮክ ተብሎ ተነግሮ አያውቅም። አባትየው ፈጥኖ «ጋደም በይ» ሊል ከንፈሩን ከፈተ፤ ተወው።

«ሲስተር!» ብሎ ተጣራ፤ ድምፁ ምድር ቤቱን አልፎ ላይኛው ፎቅ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ከልጁ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠና እጇን ይዞ ጠበቀ። ከታች ያለችው መርማሪ የታመመ ጉልበቷን ሳታስበው ከሣጥኑ ውስጥ ማሽኑን አውርዳ፣ አቅፋ፣ ወደ እነሱ እየወጣች ነበር።